የአሮጌ መኪና ክሮም ለምን ፈንጣጣ እንደወጋው ፊት ይሆናል? እንዴትስ ይድናል?

ሃምሳና ስልሳ ዓመት የሆነው መኪና ፓራውልት ላይ ጣት ቢያሳልፉ፣ ከሩቅ መስታወት የመሰለው ክሮም ከቅርብ ሻካራ ሆኖ ይገኛል። ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች፣ ዙሪያቸውን ቡናማ ዝገት፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ ያበጠ ነጠብጣብ። ብዙ ባለቤት ይህን ሲያይ ቀድሞ የሚያስበው መወልወያ ገዝቶ መፈተግ ነው። ከብዙ ድካም በኋላ ነጥቦቹ ካሉበት አይነቃነቁም። አለዚያም ክሮሙ ራሱ ተልጦ ከሥሩ ቢጫ የሚያደላ ሌላ ቆዳ ይታያል። ጉድጓዱ የተቆፈረው ክሮሙ ውስጥ ስላልሆነ ነው። ከሥር ያለው ብረት ነው የተበላው፤ ጥገናውም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ክሮም የምንለው ነገር ሁሉ ክሮም ነው?

አይደለም። የመኪና ጌጥ ክሮም ተደራርቦ የተለበጠ ነገር ነው። መጀመሪያ ዕቃው የተሠራበት ብረት አለ፤ ተራ ብረት፣ ዚንክ ወይም ነሐስ ሊሆን ይችላል። በላዩ መዳብ፣ በመዳቡ ላይ ኒኬል፣ በመጨረሻም ክሮም ይለበጣል። መዳቡን ዘለው ኒኬሉን በቀጥታ ብረቱ ላይ ያሳረፉ ፋብሪካዎችም ነበሩ።

ውፍረታቸውን ማወቅ ብዙ ግራ መጋባት ያስቀራል። ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ተራ የጽሕፈት ወረቀት ወደ 100 ማይክሮን ይወፍራል። በደንብ በተሠራ ዕቃ ላይ ኒኬሉ ከ20 እስከ 40 ማይክሮን ይደርሳል። ክሮሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.25 እስከ 0.5 ማይክሮን ብቻ ነው። ስም ያወጣለት ንብርብር ከወረቀት 200 እጥፍና ከዚያም በላይ ይቀጥናል ማለት ነው።

ልስን የተለሰነና ቀለም የተቀባ ግድግዳ ያስቡ። ጠማማውን ግድግዳ የሚያቃናው ልስኑ ነው፤ ቀለሙ ከታች ያገኘውን መልክ ይዞ ይቀራል። መዳቡና ኒኬሉ ልስን ናቸው። ክሮሙ የመጨረሻው ቀለም ነው፦ ኒኬሉ በአየር እንዳይደበዝዝ ይጠብቀዋል፣ ከጭረት ይከላከለዋል፣ ያንን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቃዛ ብልጭታ ይሰጠዋል። ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በፊት የመኪና ጌጥ የሚያበቃው በኒኬል ወይም በተወለወለ ነሐስ ነበር። ስለዚህ በጣም አሮጌ መኪና ላይ ሞቅ ያለ ቢጫማ ብልጭታ ቢያዩ የተላጠ ክሮም ላይሆን ይችላል፤ ሲሠራም ኒኬል ነበር።

ታዲያ ጉድጓዱ ከየት መጣ?

ክሮም ለዓይን ድፍን ይምሰል እንጂ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጥቃቅን ስንጥቅና ቀዳዳ አለበት። ውሃና ጨው በዚያ ገብተው ኒኬሉ ላይ ይደርሳሉ። ኒኬሉም የሳሳ ወይም የተበሳ ከሆነ ወደ ዋናው ብረት ይዘልቃሉ።

ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው ጨዋማ ውሃ ሲያርፍባቸው ልክ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፣ አንዱም ይበላል። የቆርቆሮ ጣራ ላይ ያለው ዚንክ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ ስለሚበላ፣ ቢጫር እንኳ ብረቱን ያድነዋል። ኒኬል ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በኒኬልና በብረት መካከል የሚበላው ብረቱ ነው፤ በኒኬልና በዚንክ መካከል ደግሞ ዚንኩ። ኒኬል የሚጠብቀው ድፍን ጋሻ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው። አንዴ ከተበሳ ጠባቂው ራሱ ጉዳቱን ያፋጥናል።

ጉዳቱ በስፋት ሳይሆን በጥልቀት የሚሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰፊው የክሮምና የኒኬል ገጽ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ላይ ጫናውን ሁሉ ያወርዳል። ከሰፊ ማሳ የተሰበሰበ ጎርፍ በአንዲት ቦይ ሲወርድ ቦይዋን ቆፍሮ ገደል እንደሚያደርጋት ማለት ነው። የሚፈጠረው ዝገት ደግሞ ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ልባጡን ከሥር ይገፋዋል። ያ ያበጠው ነጠብጣብ ይህ ነው። እስኪፈነዳ ድረስ ደህና ይመስላል።

ጉዳቱ ከቦታ ቦታ የሚለያየውም በዘፈቀደ አይደለም። ዕቃው የሚለበጠው ፈሳሽ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ወደ ጠርዝና ወደ ጉብታ ይሰበሰባል፤ ወደ ጎድጓዳ ቦታ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ስለዚህ የፊደል መካከል፣ የመስመሮች ሥርና የመብራት ቀለበት ውስጠኛ ጥግ ከመጀመሪያውም ቀጭን ልባጥ ይዘው ይወጣሉ፤ ቀድመው የሚበሳሱትም እነሱ ናቸው። ዘመኑም ለውጥ ያመጣል። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ ከ1950 እስከ 1953 (እ.ኤ.አ.)፣ አሜሪካ ውስጥ ኒኬል ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ ለመኪና ጌጥ እንዳይውል ገደብ ተጣለበት። በእነዚያ ዓመታት የተሠሩ የአሜሪካ መኪኖች ክሮም ቶሎ በመበላሸቱ ይታወቃል። በዚያው አሥርት ዓመት ደግሞ ኒኬሉን በሁለት ዓይነት ንብርብር መለበጥ ተስፋፋ። ላይኛው ኒኬል ከታችኛው ቀድሞ እንዲበላ ስለሚደረግ ዝገቱ ወደ ታች ከመቆፈር ይልቅ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ዕቃውም ብዙ ይቆያል።

ከሥር ያለው ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ይህን ሳይለዩ አንድም ኬሚካል አይንኩ። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ሌላውን ይበላዋል።

የዕቃውን ጀርባ ይመልከቱ። ጀርባው ቡናማ ዝገት ካለበትና ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፤ ፓራውልት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው የሚሠራው። ማግኔት ካልያዘው፣ ለመጠኑ ከከበደ፣ ጀርባው ግራጫ ሆኖ ነጭ ዱቄት ከታየበት ደግሞ በቅርጽ የፈሰሰ ዚንክ ነው። የበር እጀታ፣ አርማ፣ የፊደል ጌጥና የመብራት ቀለበት በብዛት ዚንክ ናቸው። የተለመደው ቅይጥ 4 በመቶ ያህል አሉሚኒየም አለበት፤ 400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይሞላም ይቀልጣል። ጀርባው ቢጫ ከሆነ ነሐስ ነው። ይህ ደስ የሚያሰኝ ግኝት ነው፤ ነሐስ ለጥገና ይመቻል።

በበርና በመስኮት ዙሪያ የሚሄዱት ረጃጅም ቀጫጭን ጌጦች ብዙ ጊዜ ክሮም አይደሉም። የማይዝግ ብረት፣ አለዚያም አሉሚኒየም ናቸው። እዚህ ላይ ማግኔት ብዙ ሰው ያሳስታል። የማይዝግ ብረት በማግኔት አይያዝም የሚለው አባባል ለሁሉም ዓይነት አይሠራም፤ ለመኪና ጌጥ የሚውለው አንዱ የተለመደ ዓይነት በማግኔት ይያዛል። የሚለየው በጀርባው ነው፦ ማግኔት ይዞት ጀርባው ግን ካልዛገ የማይዝግ ብረት ነው። ልባጥ ስለሌለው ጉድጓዱን በብርጭቆ ወረቀት ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል። የተሰረጎደውን ከጀርባ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መመለስ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት ከቁጥር 320 ጀምሮ 400፣ 600፣ 800፣ 1000 እያሉ መሄድ፣ በመጨረሻ በሚሽከረከር ጨርቅ መወልወል ነው። ቀጭኑን ጌጥ ሁልጊዜ እንጨት ላይ አስሮ መወልወል ያስፈልጋል። የሚሽከረከረው ጨርቅ ጠርዙን ከያዘው ከእጅ ነጥቆ በአንድ አፍታ ያጣምመዋል፤ እጅም ይቆርጣል።

ልባጡን ሳይነቅሉ ምን ያህል ይድናል?

ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው በላይ። ከሩቅ የሚታየው ቡናማ ክበብ በአብዛኛው ከቀዳዳው ፈስሶ ክሮሙ ላይ የደረቀ ዝገት ነው። እሱ ሲነሳ የሚቀረው የመርፌ ጫፍ የሚያክል ነጥብ ነው። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ይህ ይበቃል።

ዕቃውን በሳሙና ያጥቡና ያድርቁ። የአሉሚኒየም ፎይል ጨምድደው ውሃ እያስነኩ ቀስ ብለው ይሹ። አሉሚኒየም ከክሮም በጣም የለሰለሰ ስለሆነ ጤነኛውን ክሮም ሳይጎዳ ዝገቱን ይፍቃል። የሚወጣውን ጥቁር ዝቃጭ በየጊዜው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ለእምቢተኛው ዝገት እጅግ ደቃቁን የብረት ሱፍ፣ አራት ዜሮ የሚባለውን፣ በቀጭን ዘይት ነክሮ መጠቀም ይቻላል፤ የነሐስ ሱፍ ከተገኘ ይሻላል። ከብረት ሱፍ የሚረግፈው ብናኝ ጉድጓድ ውስጥ ከቀረ በሳምንቱ ይዝጋል፤ ስለዚህ በማግኔትና በብሩሽ ጥርግ አድርጎ ማውጣት ግድ ነው።

ከሥር ያለው ተራ ብረት መሆኑን ካረጋገጡ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን ዝገት ሲትሪክ አሲድ ያወጣዋል። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 50 ግራም ያሟሙ፣ ጨርቅ ነክረው ቦታው ላይ ይጣሉ፣ በየ10 ደቂቃው እየገለጡ ይዩ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ አያቆዩት። ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ባሟሙበት ውሃ ያጥቡት፣ በንጹህ ውሃ ይድገሙትና ወዲያው በፀጉር ማድረቂያ ያድርቁት። ዚንክ ላይ ይህን ማድረግ አይገባም፤ አሲዱ ዚንኩን ራሱን ይበላል።

አሁን ጉድጓዱ ንጹህና ራቁቱን ነው። እንዲህ ከተተወ በመጀመሪያው ዝናብ ዝገቱ ይመለሳል። በአልኮል ጠርገው በስቴኪኒ ጫፍ ብርማ ቀለም ወይም ግልጽ ቫርኒሽ ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ ያንጠባጥቡ፤ ዙሪያው ላይ የፈሰሰውን ሳይደርቅ ይጥረጉ። ሲደርቅ ሁሉንም በሰም ይሸፍኑ። የተዘነጋው ጀርባ ግን ከፊቱ የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። ዝገቱ ተነስቶ ዚንክ የበዛበት ፀረ-ዝገት ቀለም ሲቀባ ነው ሥራው ዕድሜ የሚያገኘው።

ሁለት ነገር ፈጽሞ አይጠጋ። የመጸዳጃ ቤትና የጎማ ቸርኬ ማጽጃ ሆነው የሚሸጡ አንዳንድ ፈሳሾች ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለባቸው። ይህ አሲድ የልባጥ ባለሙያዎች አሮጌ ክሮም ለመግፈፍ የሚጠቀሙበት ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያሟሟዋል። በረኪናም ባለው ክሎሪን ምክንያት አዲስ ጉድጓድ ይጀምራል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ።

ጉድጓዱ እስኪጠፋ ብወለውልስ?

ጉድጓዱ 300 ማይክሮን ቢጠልቅ፣ ክሮሙ ግማሽ ማይክሮን ነው። ወደ ጉድጓዱ ሥር ሳይደርሱ ክሮሙም ኒኬሉም አልቀዋል። ቢጫማ ቆዳ ብቅ ካለ ኒኬሉ ጋ ደርሰዋል ማለት ነው፤ ቀይ ካዩ መዳቡ ጋ። ያኔ ያቁሙ፤ ያ ቦታ ከአሁን በኋላ የሚመለሰው እንደገና በመለበጥ ብቻ ነው።

እንደገና ሲለበጥ በትክክል ምን ይደረጋል?

ልባጡ ራሱ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። መጀመሪያ አሮጌው ክሮም፣ ቀጥሎ ኒኬሉ፣ ቀጥሎ መዳቡ በየተራ በኬሚካልና በኤሌክትሪክ ይገፈፋል። አሮጌውን ሳይነቅሉ በላዩ መለበጥ በዛገ ብረት ላይ ቀለም እንደመቀባት ነው፤ ከሥር ያለው ዝገት ሥራውን ይቀጥላል።

ከተገፈፈ በኋላ የጉዳቱ ልክ ይታያል፤ ሁልጊዜም ከተገመተው በላይ ነው። ብረት ከሆነ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ተሞርዶ ይጠፋል፣ ጥልቁ በብየዳ ይሞላል። ዚንክ ከሆነ ግን ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ይጀምራል። እያንዳንዱ ጉድጓድ የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ በሚያህል ትንሽ መሣሪያ ተቦርቡሮ ነጩ ዱቄት እስከ መጨረሻው ይወጣል፤ የተቦረቦረ ጥርስ ብስባሹ ሳይጠራ እንደማይሞላ ሁሉ። ሲቦረቦርም ጠባብና ጥልቅ መሆን የለበትም፤ አፉ ሰፍቶ እንደ ሰሃን መገለጥ አለበት። መዳብ ሲለበጥ ጠባቡ ጉድጓድ ከአፉ ይዘጋና የገንዳውን ፈሳሽ ውስጡ ይዞ ይቀራል። ከወራት በኋላ ያ የታፈነ ፈሳሽ አዲሱን ክሮም ከሥር ያሳብጠዋል። አዲስ ተለብጦ ባመቱ የሚያብጥ ዕቃ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይኸው ነው፤ ያልተጠራ ዝገት ወይም የታፈነ ፈሳሽ።

ከዚያ ስስ የመዳብ ልባጥ ይሰጠዋል። ለዚንክ ይህ የመጀመሪያ ልባጥ በአሲድ ገንዳ ውስጥ ሊሆን አይችልም፣ ዚንኩ ይሟሟልና፤ በተለምዶ የሚሠራው በሳያናይድ ላይ በተመሠረተ የመዳብ ገንዳ ነው። በዚህ በተዘጋው ገጽ ላይ ጉድጓዶቹ በዝቅተኛ ሙቀት በሚቀልጥ የብየዳ ቆርቆሮ ይሞላሉ፣ ይሞረዳሉ፣ መዳብ ይደገማል። ቆርቆሮው ከዙሪያው ለስላሳ ስለሆነ በባዶ ጣት ብርጭቆ ወረቀት ቢሹት እሱ ብቻ ተበልቶ ይሰረጉዳል፤ ወረቀቱ በጠንካራ ዝርግ ነገር ላይ ተጠቅልሎ መሆን አለበት።

ቀጥሎ የአሲድ መዳብ ገንዳ ይመጣል፤ ልስኑ እዚህ ነው። በ1 ካሬ ዴሲ ሜትር 4 አምፔር ሲሰጠው በሰዓት 50 ማይክሮን ያህል መዳብ ይጨምራል። ይወጣል፣ በቁጥር 320 ከዚያ በ600 ወረቀት ይታሻል፤ ከፍ ያለው ቦታ ይላጫል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው መዳብ ይቀራል። ተመልሶ ይገባል። በጣም የተበሳሳ ዕቃ ይህን ሦስትም አራትም ጊዜ ይመላለሳል። የጥሩና የመጥፎ ልባጥ ልዩነት ከዚህ ምልልስ ነው የሚመጣው፤ ዋጋውም የሚወደደው በዚሁ ነው።

መዳቡ መስታወት ሲሆን ኒኬል ገንዳ ይገባል፤ ተመሳሳይ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው በግማሽ ሰዓት 25 ማይክሮን አካባቢ ይይዛል። የክሮሙ ገንዳ ከሁሉም ያጥራል፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ የሚታይ ማንኛውም ጭረት ከእንግዲህ አይደበቅም፣ እንዲያውም ይጎላል። «ሦስት ጊዜ ክሮም» የሚባለውም ሦስት ንብርብር ክሮም ማለት አይደለም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ክሮም ማለት ነው።

ጉድጓዱን በስቱኮ ሞልቶ መለበጥ አይቻልም?

አይቻልም። ልባጥ የሚይዘው ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ገጽ ላይ ነው። ተራ ስቱኮ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ እሱ ያለበት ቦታ ሳይለበጥ ይቀራል።

ዕቃውን ለባለሙያ ከመስጠት በፊት ምን ይደረግ?

በቅድሚያ በሰላም መንቀል። የዚንክ ጌጥ ከጀርባው የሚወጡት የማሰሪያ ዘንጎች ራሳቸው ዚንክ ናቸው፤ ዳዶው ግን ብረት ነው፤ ለዓመታት አብረው ተጣብቀዋል። በጉልበት ከተፈታ ዘንጉ ይሰበራል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ቀባ አድርጎ ማሳደር፣ ከዚያ ዳዶውን ሩብ ዙር ወደ ኋላና ወደ ፊት እያሉ ማላላት ይሻላል። በእሳት ማሞቅ አደገኛ ነው፤ ዚንኩ ሳይቀላ በድንገት ይቀልጣል።

የተጣመመው የሚቃናው፣ ቀዳዳ የሚበሳው፣ መኪናው ላይ ተለክቶ ልክነቱ የሚታየው ከመለበጡ በፊት ነው። ከተለበጠ በኋላ ብሩህ ኒኬል ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የፊደሎችንና የቀጫጭን መስመሮችን ጥልቀት ለክተው ፎቶ ያንሱ፤ ሲሞረዱ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። የብሎን ጥርሶች እንዳይለበጡ እንዲሸፈኑ ይንገሩ፤ 100 ማይክሮን መዳብ የተጨመረበት ጥርስ ዳዶ አይቀበልም። እያንዳንዱን ቁራጭ ቆጥረው በዝርዝር ያስረክቡ። ባለሙያውን ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ አሮጌው ልባጥ ሙሉ በሙሉ ይገፈፋል ወይ? መዳቡ ታሽቶ ስንት ጊዜ ይደገማል? «አንዴ እንለብጠዋለን» የሚል መልስ ለተበሳሳ ዕቃ አይበቃም።

ገንዳውን ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል?

ኒኬልና መዳብ በጥንቃቄ የሚሠሩ አሉ። ክሮሙን ግን አይሞክሩት። የተለመደው የክሮም ገንዳ በሊትር 250 ግራም ያህል ክሮሚየም ትሪኦክሳይድ የሚባል የክሮም ውህድ ይይዛል። በውስጡ ያለው ስድስት ቫሌንሲ ያለው ክሮሚየም (ከክሮም ኬሚካላዊ ዓይነቶች አንዱ) ካንሰር እንደሚያስከትል በማያሻማ ሁኔታ የተረጋገጠ ነው። ገንዳው ሲሠራ የሚያወጣው ጭጋግ በትንፋሽ ይገባል፤ ፍሳሹም አፈርና ውሃ ይበክላል። በዚህ ምክንያት በብዙ አገር በሕግ የጠበቀ ቁጥጥር አለበት፤ ብዙ ወርክሾፖችም ሦስት ቫሌንሲ ወዳለው ክሮሚየም እየዞሩ ነው። ይህኛው በመጠኑ የጠቆረ ወይም ሞቅ ያለ ቀለም ሊኖረው ስለሚችል፣ የአንድን መኪና ዕቃዎች ከፊሉን በአሮጌው፣ ከፊሉን በአዲሱ ማስለበጥ መኪናው ላይ ጎን ለጎን ሲሆኑ ይለያል። ሁሉንም በአንድ ላይ መስጠት ይመከራል። አሮጌ ልባጥ የሚሞርድም ሰው የአቧራ ጭምብል ያድርግ፣ በውሃ እያረጠበ ይሥራ።

የሚረጭ ክሮምስ?

በብር የሚሠራ ስስ መስታወት ተረጭቶ በግልጽ ቫርኒሽ የሚሸፈን ዘዴ አለ። ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ ስቱኮም ፕላስቲክም ላይ ይሠራል። ጥንካሬው ግን የቫርኒሹ ጥንካሬ ነው፤ ጠጠር ለሚመታው ፓራውልትና እጅ ለሚነካው የበር እጀታ አይሆንም። ለውስጥ ጌጥ ያገለግላል።

ተለብጦ ሲመለስ ምን ይደረግ?

ከመታሰሩ በፊት ጀርባውን ይመልከቱ። ልባጡ ጀርባ ላይ ሁልጊዜ ስስ ነው፤ በሰም ወይም በፀረ-ዝገት ቀለም ይሸፈን። በክሮሙና በመኪናው አካል መካከል የነበረው ጎማ በአዲስ ይተካ፤ ሁለት ብረት በቀጥታ ከተነካካና ውሃ ካቆረ ያው ባትሪ እንደገና መሥራት ይጀምራል። ዳዶዎቹ በእጅ ገብተው ቀስ እያሉ በየተራ ይጥበቁ፤ አንዱ ጫፍ ቀድሞ ከጠበቀ ዚንኩ ይሰነጠቃል። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በቀለም ወይም በሰም አለመደፈናቸውን ያረጋግጡ። ከዚያ በኋላ ለስላሳ ሳሙና፣ ንጹህ ውሃና በየጥቂት ወሩ ሰም ይበቃዋል፤ አሸዋነት ያለው መወልወያ ግን ያንን ግማሽ ማይክሮን በየጊዜው ይቀንሳልና አይጠጋው።